አትንኩት

ከሱ በፊት ሁለት ለመሬት ሰጥቼ፣
ሦስተኛው ሲወለድ ሞትን እጅግ ፈርቼ፣
በራፌ ላይ ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ
"አትንኩት" አልኩና፣ ስሙ ሆነ ቃሉ።

በሰባት ዓመቱ፣ በመስከረም ጭቃ፣
ቢቸና ደረስን ገና ከተማው ሳይነቃ፤
የክትባት ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ዱላዬን አጥር ላይ፣ "እዚህ ነውር ነው" ብዬ፣
አስደግፌ ገባሁ።

መምህር እንዳላማው መዝገቡን ገለጠ፤
ስሙን ሰምቶ ቢስቅ ብዕሩ አመለጠ።
እኔም ለኔ መምህር አባቴ ያለውን
ሳልመዝን ወረስኩት፣ አወረስኩት ቃሉን፦
"ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ። ሌላው የእናንተ ነው።"
ማንም አላስገደደኝ። የተናገርኩት እኔው።

አምስተኛ ክፍል ሳለ አንድ ጠመኔ ጠፋ፤
ሰባ ሁለት አንገት ዴስክ ላይ ተደፋ።
ጠመኔው በማግስቱ ከመስኮት ሥር ተገኘ፤
ድምፅ ግን ከግራ ጆሮው በዚያው ቀን ተሸኘ።

ስሙን ጠርቶ ነው የመታው። ልብ በሉልኝ።
በአፉ "አትንኩት" እያለ
በእጁ ነካው።
ከሰባ ሁለቱ አንድም ልጅ "በሕግ አምላክ" አላለም፤
ማን አስተማራቸውና።

"ታምቡሩ ተቀዷል" አለ ሐኪሙ ማርቆስ፤
የወይፈኔ ዋጋ አልቆ ነበር እዚያ እስክንደርስ።
ዛሬ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ያ አሮጌ ቸርኬ፣
ሲመታ አንገቱን ያዞራል፣
እንደ ዶሮ፣
በቀኙ ሊለቅመው።

ሰኔ ነው። ጮቄ ደመናውን ቋጥሮ፣
ማሳዬ እየጠበቀኝ፣ አራተኛ ቀጠሮ።
ዳኛዋ ወጣት ናት። ጭብጥ ስትይዝ እንዲህ አለች፦
"ጥፋቱ የሥራ ነው? ወይስ የግል ጥፋት?"
እኔ ጥፋት አንድ ይመስለኝ ነበር።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ ተነሳ፦
"ተማሪ መምታትን ከልክለናል በጽሑፍ፤
የከለከልነውን ቢያደርግ ዕዳው የራሱ ነው።"
መመሪያውስ አለ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ፣
ከካቢኔው በላይ፣ በመስታወት ታጥሮ።

መምህሩ ቀና አለ። ከስቷል። ሸሚዙ ሰፍቶታል።
"ክፍሉ የመንግሥት ነው፤ ሰዓቱም የመንግሥት፤
ለጠፋው ጠመኔ የምጠየቅ እኔ ነኝ።
ታዲያ እጄ ብቻ እንዴት የግሌ ይሆናል?"
እውነት ለመናገር፣ እዚያ ላይ አዘንኩለት።
ከዚያ ጆሮው ትዝ አለኝ።

ርእሰ መምህሩ፦ "የዚያን ቀን ሰባራ ወንበር እቆጥር ነበር" አለ።
ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤
ከልጄ በፊት ሁለት ልጆች፣ ሁለት አቤቱታ፣
በሁለቱም ሥር አንድ ውሳኔ፦ "ይመከር።"
(ስንት ጊዜ ይመከራል አንድ እጅ?)

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።
"አቶ ልየው፣ ሲያስመዘግቡ፣ በራስዎ አንደበት፣
'ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ' አላሉም?"

ብያለሁ።
ጆሮውን ረሳሁት።
ወይስ ያን ቀን ቆሜ፣ ሰልፉ ከኋላዬ እየረዘመ፣
ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ ጣቶቹን፣ ጉልበቱን፣
በየስማቸው እየጠራሁ ላስመዘግብ ነበር?

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።
"አባት" አለች፣ "የሰጡት የእርስዎ አልነበረም።"
ሌላ አልጨመረችም።
እፎይ ልበል ወይ ልፈር አላወቅኩም፤
ሁለቱም በአንድ ጉሮሮ መጡብኝ።

ከዚያ ልጁ ይቅረብ ተባለ።
ፖሊሱ በግራው በኩል ቆሞ፦ "አትንኩት ልየው!"
ዝም።
"አትንኩት ልየው!"
ልጄ መስኮቱን ያያል፤ ዝናብ ጀምሯል።
ሦስተኛውን ሳይጠራ፣ ፖሊሱ
ትከሻውን ሊነቀንቅ እጁን ሰደደ።

"በሕግ አምላክ!"

አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።
በእኛ አገር እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል።
እጁ አየር ላይ ቆመ።
ጠበቃው ቆመ። የጸሐፊዋ ጣት ቆመ።
በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሀል ልጄ ብቻ ዞረ፣
ምን እንደተባለ ሊጠይቀኝ።

"ስሙን ነው እኮ የጠራሁት" አለ ፖሊሱ።
"አውቃለሁ" አልኩት።